ጥቁር ተብላ የተመዘገበች ነጭ ባዝራ

መልክ ጸሐፊዋ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ መዝገቧ ላይ አንዲት ፊደል ሰርዛ አታውቅም። ይህን ስለራሷ አትናገርም ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ትናገራለች። ሻይ ሲጠጣ ትናገራለች፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ትናገራለች፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠይቃት መዝገቡን ገልጣ፣ "እዩት፤ ስርዝ ድልዝ ካገኛችሁ ጣቴን ቁረጡት" ትላለች። እስካሁን ጣቶቿ አሥር ናቸው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በከተማው ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ላም ያለው ሰው፣ የተወለደለት እንስሳ ስድስት ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት መዝገብ ቤቱ ይዞት ይመጣል። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ትወጣና እንስሳውን ሦስት ጊዜ ትዞረዋለች፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ደግሞ ጎንበስ ብላ ሆዱን እያየች። ከዚያ ተመልሳ ትቀመጥና መልኩን፣ የግንባሩን ምልክትና የእግሮቹን ምልክት በብዕር ትጽፋለች። አንዱ ቅጂ መዝገቡ ላይ ይቀራል፤ ሌላውን ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ እሱም የእንስሳው መጽሐፍ ይባላል።

ሌላው ሰው "ቡናማ" ብሎ የሚያልፈውን እሷ ይሄ ዳማ ነው፣ ያ ሐመር ነው ብላ ትለየዋለች። ነጭና ጥቁር ጸጉሩ የተደባለቀውን ገብስማ፣ አመድ የሚመስለውን ዳልቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦቃ ትለዋለች። አመሉ ቤቷም ድረስ ገብቷል። አንድ ቀን ባሏን "ያን ገብስማ ሹራብህን አውልቀው፣ ይታጠብ" ስትለው፣ "ለመሆኑ እኔን ምን ብለሽ መዘገብሽኝ?" አላት። ቀና ብላ አየችውና፣ "ዳማ፤ ራሰ በራ፤ ሌላ ምልክት የለውም" አለችው። ሰውየው እስከ ዛሬ ትዝ ሲለው ይስቃል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኞ ሌሊት ሰማዩ ሲያጓራ አድሮ ስለነበር በየበረቱ ያለ እንስሳ ደንብሮ፣ አጥር ጥሶ፣ በር ገንጥሎ ጠፍቶ ነበር። አብዛኛው ሲነጋ በየቤቱ ተመለሰ። አንዲት ነጭ ባዝራ ግን ማክሰኞ ጠዋት በባቡር ሐዲዱ ዳር ስትግጥ ተገኘችና ከመዝገብ ቤቱ ጓሮ ወዳለው ማቆያ ገባች። ደንቡ ያጠረ ነው። የባዘነ እንስሳ አምስት ቀን ይቆያል፤ በአምስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት፣ መጽሐፉ ከእንስሳው መልክ ጋር ለተስማማለት ሰው ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ አቤት ቢሉ ሰሚ የለም።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ባንኮኒው ፊት ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሁለቱም "ፈረሴ ናት" ይላሉ።

አንዷ ባለሠረገላዋ ናት፤ ለሙሽሮች ሠረገላ የምታከራይ፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሯ ለስላሳ የሆነ ሴት። ስድስት ነጭ ባዝራዎች አሏት። የጠፋችባት ስድስተኛዋ ነበረች፤ ከገዛቻት ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ያየቻትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መጽሐፏ ሌላ ከተማ የተጻፈ ሲሆን "ሴት ውርንጭላ፤ ነጭ፤ ምልክት የላትም" ይላል።

ሌላው አጣቢው ነው። የሆቴል አንሶላ እየሰበሰበ የሚያጥብ ሽማግሌ ነው፤ ከውሃ ብዛት ጣቶቹ ተሸብሽበው ቀርተዋል። ቤተሰቡ፣ ጓደኛው፣ ሠራተኛው፣ ሁሉ ነገሩ ጋሪውን የምትጎትትለት ባዝራ ናት። አራት ቀን ሙሉ ጋሪውን በገዛ ትከሻው ሲገፋ ከርሞ ወገቡ አልቃና ብሎታል።

"የእርስዎዋ ምን ዓይነት ናት ጋሼ?" አለው ኃላፊው። ኃላፊው ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ደንብ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ የሚመስል ጥንቁቅ ወጣት ነው።

"ያቻትና!" አለ አጣቢው በመስኮቱ ወደ ጓሮው እያመለከተ። "ከሰል!"

ኃላፊው በመስኮቱ አየ። ባዝራዋ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለች፤ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ወተት ናት።

"ከሰል?"

"ስሟ ነው። ከሰል።"

ኃላፊው የሽማግሌውን መጽሐፍ ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ። "ሴት ውርንጭላ፤ ጥቁር፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ኮከብ፤ የግራ የኋላ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ።" ከዚያ እንደገና ወደ ጓሮው አየ። "ጋሼ፣ ጥቁር ይላል እኮ።"

"አዎ። አሁን ትንሽ ነጣ ብላለች።"

"ትንሽ?!"

ባለሠረገላዋ ሳቋን በመሐረቧ ያዘችው። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ሥራዎ እጥበት ስለሆነ ነው የምጠይቅዎ። በረኪና ምናምን አስነክተዋት ይሆን?"

ሽማግሌው እንደ ዱላ ቀጥ አለ። "ስማኝ ልጄ፣ አርባ ዓመት አንሶላ ሳጥብ አንድ ሰው መጥቶ በረኪና አቃጠለብኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ፈረሴን ላቃጥላት?"

ባዝራዋ ራሷ ትመስክር ተባለና ሁሉም ወደ ጓሮ ወጡ። ባለሠረገላዋ ስኳር አሳየቻት፤ ባዝራዋ ሄደችላት። አጣቢው "ከሰሌ!" ብሎ ካሮት አሳያት፤ ወደ እሱም ሄደች፤ ትከሻውንም በአፍንጫዋ ገፋችው። ሽማግሌው "አያችሁ? አያችሁ?" ሲል ወደ ኃላፊው ሄዳ በእጁ የያዘውን ቅጽ ጥጉን ገመጠችው። ያን ጊዜ ምስክርነቷ ውድቅ ሆነ።

መልክ ጸሐፊዋ ግን ከእነሱ ጋር አልወጣችም። ኃላፊው ባንኮኒው ላይ ትቶት የወጣውን የአጣቢውን መጽሐፍ አነሳች። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም፤ ያቺ ጅራቷ የረዘመች "ር" የእሷ ናት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቱን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች፣ አቧራውን እፍ አለችው፣ ገጹን አገኘችው። ቃል በቃል ያው ነው። ቀኑ ትዝ ሲላት ክው ብላ ቀረች።

ያቺን ውርንጭላ ታስታውሳታለች። የቀለም ቀንድ ውስጥ የተነከረች የምትመስል ጥቁር ነበረች። ነገር ግን በዓይኖቿ ዙሪያ ነጫጭ ጸጉሮች ጣል ጣል ብለውባት፣ መነጽር ያደረገች ትመስል ነበር። እንዲህ ያለች ውርንጭላ እያደር እንደምትነጣ መልክ ጸሐፊዋ ያኔም ታውቅ ነበር። ለያኔው አለቃዋ "ይቺ እኮ ትነጣለች፣ እሱንም ልጻፈው?" ብላ ጠይቃም ነበር። አለቃዋ ነፍሱን ይማረውና የመሥሪያ ቤቱን ሕግ ነገራት፤ "ያየሽውን ጻፊ፤ የምታውቂውን ለራስሽ ያዢው።" እሷም ያየችውን ጻፈች፣ የምታውቀውን ያዘችው፤ ያዘችውና ረሳችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ባዝራዋ ነጭ ለሚል መጽሐፍ ትሰጣለች፣ መዝገቧም እንደጸዳ ይኖራል፣ አጣቢው ባዶ ልጓም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያን ልጓም በመስኮቱ አየችው፤ ሽማግሌው ክንዱ ላይ እንደ ፎጣ ጣል አድርጎታል። ሰዓቱ አምስት ከሩብ ይላል።

መጽሐፉን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ያኔ ኃላፊው የተገመጠ ቅጹን እያስተካከለ፣ "እንግዲህ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፣ ምን ላድርግ?" ይላል።

"ጋሼ፣" አለች ወደ አጣቢው ዞራ፣ "መልኩ የተለወጠ እንስሳ ይምጣ፣ መጽሐፉ ይታደስ የሚል ደንብ አለ እኮ። ለምን አላመጧትም?"

"ምኗ ተለወጠና?"

"ኧረ በስመ አብ! ነጣች እኮ!"

ሽማግሌው ባዝራዋን አያት። ገና አሁን የነገሩት ይመስል ከላይ እስከ ታች አያት። "እኔ እንጃ እህቴ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? እኔ በየቀኑ ነው የማያት። ጠዋት ተነስቼ ከሰል ብዬ እጠራታለሁ፣ ትመጣለች። ሰፈርተኛው ይስቃል፤ እኔ የሚስቁት በስሟ ይመስለኛል። ትናንት ከነበረችው ምንም አልተለወጠችብኝም። ትናንትም ከትናንት ወዲያ የነበረችው ነች። እና የትኛው ቀን ነው ይዣት የምመጣው?"

ኃላፊው ደንቡ ውስጥ ቀኑን ፈልጎ ያጣ ይመስል አንገቱን አከከ።

"ደግሞ ስትታጠብ ጥቁር ናት!" አለ አጣቢው፣ የመጨረሻ ጥይቱን እንደሚተኩስ ሰው። "ሳጥባት እኮ ጥቁር ናት! በዓይኔ ነው የማየው!"

ኃላፊው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ጋሼ፣ ሲታጠብ የሚጠቁር ከሆነ እንግዲህ አንሶላዬን ለእርስዎ አልሰጥም።" ባለሠረገላዋም ሳቀች፣ በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛም ሳቀ፤ ሽማግሌው ራሱ ወደ መጨረሻው ፈገግ አለ፤ ምን ያድርግ?

መልክ ጸሐፊዋ አልሳቀችም። "ውሃ አምጡልኝ" አለች።

"ለምን እትዬ?" አለ ኃላፊው።

"በመጀመሪያ ልናገር፤ ከታየ በኋላ ብናገረው ዋጋ የለውም።" እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ አልቧቸው ነበር። "ይቺን መጽሐፍ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ስጽፋት እንደምትነጣ አውቅ ነበር። ጥቁር ብዬ ጽፌ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሳቸው አይደለም። ጥቁር ተወልደው የሚነጡ ፈረሶች አሉ፤ አንዳንዱ በአምስት፣ አንዳንዱ በስምንት ዓመቱ ወተት ይሆናል። የሚነጣው ግን ጸጉሩ ነው። ቆዳው ከሥር ጥቁር እንደሆነ ይኖራል። ከመጀመሪያው ነጭ የነበረው ምልክት ደግሞ ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ነው ያለው። ነጭ ተወልዳ ነጭ የሆነች ከሆነች ገላዋ በሙሉ ሮዝ ነው። ጸጉሩ ሲረጥብ ቆዳው ይታያል። እሳቸው ስትታጠብ ጥቁር ናት ያሉት ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው!"

ስታወራ ጆሮዋ ድረስ ግሏት ነበር። በዚያ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትኖር "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ የለም፤ ዘበኛው እንኳ ከወንበሩ ተነሳ።

ውሃው በባልዲ መጣ። ኃላፊው ባልዲውን ሊደፋ ሲል አጣቢው "ተው ተው ተው!" ብሎ ቀማው። እጅጌውን ጠቀለለ። ውሃውን በመዳፉ እየቀዳ፣ በመጀመሪያ አንገቷን አስለመዳት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሯ ወጣ፤ ጆሮዋ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ በሌላ እጁ ከልሎላት ነው። ባዝራዋ ዓይኗን ከደን ከደን አደረገች። እንዲህ መታጠብ እንደለመደች ማንም ያያታል።

ጸጉሩ ረጥቦ ሲለጠፍ ነጩ ጠፋ። አንገቷ እንደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ጠቆረ፤ ጉንጯም፣ የዓይኗ ዙሪያም። ከዚያ ጥቁር መካከል፣ ልክ በግንባሯ ላይ፣ እንደ አውራ ጣት የምትሆን ሮዝ ኮከብ ብቅ አለች። አንዷ ጫፏ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብላለች።

"እንዴ!" አለ ኃላፊው። መጽሐፉን አየ፣ ኮከቡን አየ፣ ከዚያ ሱሪው መርጠቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ራሱ በርከክ ብሎ የግራ የኋላ እግሯን አራሰው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሮዝ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር። "እስከ ቁርጭምጭሚት!" ብሎ ጮኸ፣ እንደ ሕፃን። ደንብ የሚወድ ሰው፣ ደንቡ ሲሠራ እንዲህ እንደሚያስደስተው ያን ቀን ታየ።

ባለሠረገላዋ ቀረብ ብላ የብር ቀለበት ባለው ጣቷ ኮከቧን ነካቻት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፈረስ ጠባቂዋ ዘንድ ደወለች። "የእኛዋ የአፍንጫዋ ቆዳ ምን ዓይነት ነበር?... ሮዝ?... እርግጠኛ ነህ?" ስልኩን ዘጋችና ተነፈሰች። "የእኔዋ አይደለችም። አጣሁ ብዬ ልቤ ቆሞ ነው እንጂ፣ የሰው ሀብት ፈልጌ አይደለም ጋሼ። ነጭ ሳይ የእኔ መሰለችኝ።"

"ምን ችግር አለ ልጄ፣" አላት አጣቢው፣ "እኔ ነጭ መሆኗንም አላየሁም።"

በነገራችን ላይ የባለሠረገላዋ ባዝራ በማግስቱ በአንድ አትክልተኛ ግቢ ውስጥ፣ ሰላጣ በሰላጣ ሆና ተገኝታለች። ሳትረጥብም የምታስታውቅ ሮዝ አፍንጫ ነበረቻት አሉ።

ሁሉም ወደ ቢሮ ገቡ። አሁን የቀረው መዝገቡ ነው። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ እንግዲህ ጥቁር የሚለው መሰረዝ አለበት" አላት። አሳዝናው ነበር።

"አውቃለሁ።" ማስመሪያ አወጣች፣ "ጥቁር" በሚለው ቃል ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፣ ብዕሯን ከፈተች። ይሁን፣ አለች በልቧ፤ ሰው ስለ ንጹሕ ገጽ ብሎ የሰው ፈረስ አይወስድም። ተረጋግታም ነበር፤ እንዲያውም ቀለል ብሏት ነበር።

"እህቴ፣ ቆይ" አለ አጣቢው።

ቀና አለች። ሽማግሌው ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ ባንኮኒው ላይ ተደግፏል።

"እሱን ባትሰርዢው አይሆንም?"

"ለምን ጋሼ? ነጭ ካልተባለች ነገም ብትጠፋ ያው ጣጣ ነው።"

"ነጭም በያት። ጥቁሩን ግን አትሰርዢው።" ልጓሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ያን ቀን እዚህ ያመጣናት ከባለቤቴ ጋር ነው። ከሰል ያለቻትም እሷ ናት። አንቺ ስትዞሪያት ባለቤቴ በሩ ጋ ቆማ፣ ኮከቧን እንዳትረሺ እያለች ስትጨቀጭቅሽ ነበር፤ ትዝ አይልሽም ይሆናል። ሁለት ዓመት ሳትቆይ አረፈች። ነጭ ሆና አላየቻትም። ባለቤቴ የምታውቃት ጥቁሯን ነው። እዚያ መዝገብ ላይ ጥቁር የሚለው ከተሰረዘ... እኔ እንጃ። ሌላ ፈረስ ትሆንብኛለች።"

ኃላፊው የተገመጠውን ቅጽ ጥግ ያሻል። መልክ ጸሐፊዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀችውም፣ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ከዚያ ማስመሪያውን ወደ መሳቢያው መለሰችና "ጥቁር" ከሚለው ቃል ሥር፣ በቀጭኑ ባዶ ቦታ ላይ፣ ፊደሎቿን አጥብባ ጻፈች። በሽማግሌው መጽሐፍም ላይ ያንኑ ደገመችው።

ኃላፊው አንገቱን አስግጎ አነበበ። "እትዬ፣ እንዲህ የሚል ነገር ቅጹ ላይ የለም እኮ" አለ። መለስ ብሎ ሽማግሌውን አየና ማኅተሙን አነሳ፣ እፍ አለበት፣ መታው።

አጣቢው መነጽር አልያዘም። መጽሐፉን ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው፣ አልሆነለትም። "እስኪ አንብቢልኝ" አላት።

"ጥቁር ነበረች፤ አሁን ነጥታለች፤ ያችው ራሷ ናት" ብላ አነበበችለት።

"እስኪ ድገሚልኝ" አላት፤ ደገመችለት።